አንድ መቶ ስድሳ ስምንት ሰማያዊ ጨርቅ

የተከበራችሁ ዘመድ ወዳጆች፣ የቀድሞ የሥራ ባልደረቦችና ጎረቤቶች፤ የታላቅ እህቴን የሕይወት ታሪክ እንዳነብላችሁ ቤተሰቡ አደራ የጣለብኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በዕቃ ግምጃ ቤት የሠራሁ ሰው በመሆኔ ነገሩን በቅደም ተከተል ያስቀምጠዋል ተብሎ እንደሆነ ይገባኛል፤ ይሁን እንጂ ከትናንት ከሰዓት ወዲህ ቅደም ተከተል የሚባለው ነገር ራሱ ስለተምታታብኝ፣ በንባቤ መካከል ብደነቃቀፍ እንድትታገሡኝ ከወዲሁ እለምናለሁ። በሕይወት ሳሉ አንድም ቀን አንቱ ብያቸው አላውቅም፤ «እትዬ» ነበር የምላቸው። ዛሬ ግን ወግ ነውና አንቱ እላቸዋለሁ፤ ቢሰሙኝ ኖሮ በሳቅ ይሞቱ ነበር።

እህታችን አናጢ ለነበሩት አባታችንና ልብስ በመጠገን ቤት ይደጉሙ ለነበሩት እናታችን የመጀመሪያ ልጅ ሆነው የተወለዱ ሲሆን፣ የተወለዱበትን ዓመት በተመለከተ የአባታችን ማስታወሻ ደብተር አንድ፣ የትምህርት ቤቱ ወረቀት ሌላ፣ መታወቂያቸው ደግሞ ሦስተኛ ዓመት ስለሚናገሩ፣ ሰባ ሦስትም ሆነ ሰባ አምስት ዓመት ኖሩ ብትሉ ከቤተሰቡ የሚቃወማችሁ የለም። እርሳቸው ሲጠየቁ «መሐሉን ያዙ» ይሉ ነበር። ስለዚህ እኔም ሰባ አራት ብዬ ጽፌአለሁ።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ጀምረው እስከ ስድስተኛ ክፍል በጥሩ ውጤት የተማሩ ሲሆን፣ በተለይ ካሬና ሦስት ማዕዘን መሳልና መለካት እጅግ ይወዱ ነበር። እኔ የአሥር ወር ሕፃን ሳለሁ ግን እናታችን በድንገት አረፉ፤ እህታችንም ደብተራቸውን አስቀምጠው እኔን አዘሉ። የእናቴን መልክ አላስታውስም፤ ፎቶግራፍም አልተረፈም። ከእናታችን ዕቃ ውስጥ የቀረው ሲለብሱት ከነበረ ሰማያዊ ቀሚስ የተቆረጠ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጨርቅ ብቻ እንደነበረ በልጅነቴ ከእትዬ አፍ ሰምቼአለሁ፤ አይቼው እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

በአሥራ ሰባት ዓመታቸው በአንድ የደንብ ልብስ መስፊያ ድርጅት ተቀጥረው፣ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሠላሳ እጥፍ ጨርቅ አነባብረው በጠመኔ እያሰመሩ በመቁረጥ ሥራ ለሠላሳ አንድ ዓመታት አገልግለዋል። ከጠረጴዛው ሥር የሚወድቀው ቁርጥራጭ ተጠርጎ ሲጣል ማየት አላስቻላቸውምና አለቃቸውን አስፈቅደው ወደ ቤት መውሰድ ጀመሩ። «ቁራጭ» የሚል ቅጽል ስም የወጣላቸው ያኔ ነው፤ ዕድሜያቸው ሲገፋ «እማማ ቁራጭ» ሆነ፤ ስሙንም እንደ ሹመት ተቀበሉት። በወሰዱት ቁርጥራጭ የመጀመሪያውን ብርድ ልብስ ሰፉ። አሠራሩን ለማታውቁ፣ ላዩ ከትናንሽ ጨርቆች ይገጣጠማል፣ መካከሉ ጥጥ፣ ታቹ ገበር ይሆንና ሦስቱ ባንድነት ላይ ታች በእጅ ይሰፋሉ። አባታችን መጀመሪያ ሲያዩት «ድሪቶ ልታለብሺን ነው?» አሉ። በማግስቱ ግን እርሱን ለብሰው እስከ ረፋድ ተኙ።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው፣ ምናልባትም በሃያ ሦስት፣ ከከባድ መኪና ሹፌር ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ሴቷ ነርስ፣ ወንዱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። ከልጆቹ ጋር እኩል ያደገው ሌላው የቤቱ አባል የጨርቁ ክምችት ነበር፤ እርሱም በአንድ የጫማ ካርቶን ጀምሮ ወደ አልጋ ሥር፣ ከአልጋ ሥር ወደ ቁም ሣጥን ተዛውሮ፣ ልጃቸው አግብቶ በወጣ በሦስተኛው ቀን የልጁን ክፍል ከነመስኮቱ ወረሰ።

አማቻችን አንድ ጨርቅ ካልወጣ ሌላ ጨርቅ አይገባም የሚል ሕግ አውጥተው ነበር፤ እህታችንም ሕጉን እጅግ አከብራለሁ እያሉ አዲሱን ጨርቅ አንገታቸው ላይ እንደ ሻርፕ ጠምጥመው ይገቡ ነበር። ተይዘው ሲጠየቁ መልሳቸው ምንጊዜም «ይሄማ የቆየ ነው» ነበር። አንድ ቀን ባለቤታቸው «እሺ፣ ሁሉም የቆየ ከሆነ ዛሬ የገዛሽው የት ገባ?» ብለው ሲያፋጥጧቸው፣ «እሱ ገና አልቆየም» ብለው አለፉ። ደግሞ ራሳቸው ሕግ አውጪው ከየሄዱበት ከተማ በመኪናቸው መቀመጫ ሥር ጨርቅ ደብቀው ያመጡላቸው ስለነበር፣ ሕጉን ማን እንዳፈረሰው እስከ ዛሬ አልተጣራም። ባለቤታቸው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሲያርፉ፣ ከመቀመጫው ሥር አንድ ያልተሰጠ ቢጫ ጨርቅ ተገኝቷል።

ጎረቤቶችም ልጆቻችሁን ጠቧቸው የቀረ ፒጃማ፣ የሟች ሸሚዝ፣ የተቀደደ መጋረጃ ስታመጡላቸው፣ ሁሉን አጥበው፣ ጥላ ላይ አድርቀው፣ ተኩሰው፣ አባታችን በላጉላቸው ጣውላ ላይ ጠቅልለው በየቦታው ያስቀምጡ ነበር። እሑድ ከሰዓት የክፍሉን በር ከፍተው ሁሉንም ያወጡና በእጃቸው እየዳሰሱ መልሰው ያስገቡ ነበር። አንድም ነገር ሳይሰፉ ሲወጡ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይታያል።

እኔን ግራ ያጋባኝ «በየቦታው» የሚለው ነው። ከቀይ ከፋይ አጠገብ የሆስፒታል አንሶላ፣ ከአንሶላው ላይ ባለ አበባ የሕፃን ጨርቅ፣ ከእርሱ ቀጥሎ ካኪ ይቀመጣል። ቀለሙ አይገጥም፣ መጠኑ አይገጥም፣ የጨርቁ ዓይነት አይገጥም። እኔ አንዲት ብሎን የት መደርደሪያ እንዳለች ዓይኔን ጨፍኜ የምናገር ሰው ስለነበርሁ፣ «እትዬ፣ ይሄ ሁሉ በምን ተራ ነው የተቀመጠው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ይተዋወቃሉ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም ነበር፤ ይህን ያስተዋልሁት ትናንት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ሆስፒታል በገቡ ጊዜ፣ እኔ በቅርቡ ጡረታ የወጣሁ፣ ሥራ የፈታ፣ ውለታ የከበደው ወንድም ነበርሁና፣ ሲመለሱ ላስደስታቸው ብዬ ወደዚያ ክፍል ገባሁ። አሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ጨርቁን ሁሉ በስታርች ተኩሼ፣ በአንድ ልክ አጥፌ፣ በቀለም ለይቼ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥርና ካርድ አዘጋጅቼ በፕላስቲክ ከረጢት አሸግሁት። ሰማያዊው ብቻውን አንድ መቶ ስድሳ ስምንት ሆነ። በሥራ ዘመኔ እንኳ እንዲህ ያማረ መደርደሪያ አይቼ አላውቅም ነበር።

እህታችን በምርኩዝ ተደግፈው በሩ ላይ ቆሙ። አንዱን ከረጢት ዳሰስ አደረጉ። ከዚያም «ጎበዝ፤ ደክመሃል፤ ጉልበትህ አላመመህም?» አሉኝና ወደ አልጋቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ጠባያቸው ተለወጠብን። አንዲት ጨርቅ ይዘው ክፍሉ መካከል ቆመው የት እንደሚያኖሯት ጠፍቷቸው እናገኛቸው ነበር። ከረጢት ይከፍታሉ፣ ይዳስሳሉ፣ ይመልሳሉ፤ ሌላ ይከፍታሉ። ልጃቸውና እኔ «ነገር መርሳት ጀመሩ» ተባብለን ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ሐኪሙ ቀኑን፣ ወሩን፣ የልጆቻቸውን ስም፣ ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቁጠርን ጠየቃቸው፤ ሁሉንም መለሱ። ዓይናቸው መድከሙን ነገረን፤ «አእምሯቸው ግን ደህና ነው» አለ። «ታዲያ ምንድን ነው የሚጠፋብዎት?» ሲላቸው «አንድ ጨርቅ» አሉ። እኔና ልጃቸው በሐዘን ተያየን።

ከስምንት ወር በፊት ቤቴ መጥተው አልጋዬን በሜትር ለኩት። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ብጠይቃቸው «ፍራሽህ ጎብጧል» አሉኝ። ፍራሼን አገላብጬ አየሁ፤ አልጎበጠም። ይህንንም ከመርሳቱ ጋር ደመርሁት።

ከትናንት በስቲያ ከቀትር በኋላ፣ በመስኮቱ አጠገብ በወንበራቸው እንደተቀመጡ፣ ልባቸው ሲያስቸግራቸው ቆይቶ ነበርና፣ ጭናቸው ላይ አንድ የተከፈተ ከረጢት እንዳለ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

የዛሬው ንባቤ እዚህ ላይ ማብቃት ነበረበት። ትናንት ግን የሰፈራችን ልብስ ሰፊ፣ ለአርባ ዓመት ከመቀሱ የተረፈውን ሲያቀብሏቸው የኖሩት አዛውንት፣ ሊያለቅሱ መጥተው ወደዚያ ክፍል ገቡና «ይኼን ክፍል እንዲህ የገለባበጥኸው አንተ ነህ አይደል?» አሉ። እኔ ነኝ አልኋቸው። ቁጭ አሉ።

እርሳቸው እንደነገሩኝ፣ እያንዳንዱ መደርደሪያ አንድ ቤተሰብ፣ እያንዳንዱ ጨርቅ አንድ ሰው ነበር። የእናንተ ጨርቅ የሚቀመጠው ከወዳጃችሁ ጨርቅ አጠገብ ነው። በግንብ አጥር የተጣላችሁት ሁለቱ ጎረቤቶች፣ አሁን እዚህ ጎን ለጎን ቆማችሁ የማያችሁ፣ ጨርቃችሁ ሁለት ዓመት ተለያይቶ ኖሮ በታረቃችሁ ቀን ወደ ቦታው ተመልሷል። የሞተ ሰው ጨርቅ ወደ መስኮቱ መደርደሪያ ይዛወራል፤ ብርሃን እንዲያገኝ ነው ይሉ ነበር አሉ። ዓይናቸው ከደከመ በኋላም ሁሉን የሚለዩት በቦታውና በእጃቸው ነበር፤ ቦታውን እኔ ገለበጥሁት፣ የጨርቁንም ልስላሴ በስታርች አጥፍቼ ሁሉን አንድ ዓይነት አደረግሁት። አእምሯቸው ደህና ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ልብስ ሰፊው በክፍሉ ካለው የእህታችን የስፌት መኪና ጀርባ አንድ ያላለቀ ብርድ ልብስ አውጥተው ዘረጉልኝ፤ ልኩ የአልጋዬ ልክ ነው። ልጅ ሳለሁ በመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር የተኛሁበት የካኪ ቁርጥራጭ፣ የትምህርት ቤት ሸሚዜ፣ የግምጃ ቤት ጋዋኔ፣ ሁሉም በየተራው አለ። መካከሉ ላይ ግን መዳፍ የምታህል ባዶ ካሬ ቀርታለች። የእናታችን ሰማያዊ ቀሚስ ቦታ ናት። እህታችን ሁለት ዓመት ሙሉ ሲፈልጉ የነበረው እርሱን ነው፤ ልብስ ሰፊውንም አስጠርተው ሰማያዊውን አንድ በአንድ እያሳዩ «ይቺ ትሆን እንዴ?» እያሉ ይጠይቋቸው ነበር። ለምን ለእኔ እንዳልነገሩኝ ልብስ ሰፊውን ብጠይቅ፣ እህታችን «እሱ እንዳይሰማ፤ ጉልበቱን እያመመው ነው የደረደረው» ብለዋቸዋል።

እንግዲህ ከዚያ ሁሉ ሰማያዊ መካከል የእናቴ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም። እኔም በካርዴ ላይ «ሰማያዊ» ብዬ ከመጻፍ ያለፈ የማውቀው የለኝም። ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ክፍሉ ክፍት ነው። ኑና የልጃችሁን ፒጃማ፣ የመጋረጃችሁን ቁራጭ፣ የባላችሁን ሸሚዝ ለዩልኝ፤ ከማን አጠገብ እንደነበረም የምታስታውሱ ንገሩኝ፤ ካርዱን ቀድጄ በነበረበት እመልሳለሁ። ሁላችሁም የየራሳችሁን ካወጣችሁ በኋላ፣ ማንም የኔ ነው የማይለው ሰማያዊ ጨርቅ ይቀራል፤ እርሱ የእናቴ ነው ማለት ነው። ሦስት ቢቀሩ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ምናልባት ሦስቱንም አነባብሬ እሰፋቸዋለሁ፤ ልብስ ሰፊው መርፌ አያያዝ ሊያስተምሩኝ ቃል ገብተውልኛል።

እህታችን ከኋላቸው የሚወዷቸውን ሁለት ልጆች፣ ሦስት የልጅ ልጆች፣ አንድ ወንድምና ቁጥሩን ዛሬ መናገር የማልደፍረው ጨርቅ ትተው አልፈዋል። የፈጠራቸው አምላክ ነፍሳቸውን ብርሃን ባለበት፣ ከወዳጆቻቸው አጠገብ ያኑርልን፤ ለልጆቻቸው፣ ለዘመዶቻቸውና ለጎረቤቶቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን።

በወረቀቱ ላይ የጻፍሁት ይህን ብቻ ነበር። እትዬ፣ ለምን አልተቆጣሽኝም? ካለሽ ጨርቅ አንዱን እንኳ ለይቼ አላውቅም፤ ቢጫውን ግን ዛሬ ጠዋት ከከረጢቱ አውጥቼዋለሁ። ባልሽ ከመቀመጫው ሥር የተወልሽን። አጥቤ ስታርቹን አስለቀቅሁት፣ መስኮቱ መደርደሪያ ላይም አስቀመጥሁት። ትናንት ደግሞ ጭንሽ ላይ የነበረውን ከረጢት አየሁት፤ ሰማያዊ ነው። አግኝተሻት ይሁን ገና እየፈለግሽ፣ አላወቅሁም።