ትራስ ሥር የተገኘው ከረሜላ

አባ ከረሜላ ድስታቸውን እያማሰሉ ሳለ ዶፉ ወረደ፤ አንዲት ወጣትም ከዝናቡ ለመሸሽ ሮጣ ገባች። አባ ከረሜላ የሚለውን ስም ያወጡላቸው የሰፈሩ ልጆች ናቸው። በዚያች ጠባብ ክፍል አርባ ዓመት ሙሉ ከረሜላ ሲያፈሉ፣ ሲስቡና ሲቆርጡ ኖረዋል።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ» አሉ ዓይናቸውን ከድስቱ ሳያነሡ።

«እግዜር ይስጥልኝ አባቴ። የሚሸተው ማር ነው?»

«ማር ነው። ግን የሚሸጥ አይደለም። የልጅ ልጄ ሆስፒታል ተኝታብኛለች። ሐኪሞቹ ስኳር እንዳይነካት ብለዋል፤ እኔም ከቃላቸው ዝንፍ አላልኩም። ቅንጣት ስኳር አላገባሁበትም!» አሉ በኩራት።

ወጣቷ ሻርፗን ማራገፏን ተወች። በዚያው ሆስፒታል በሕፃናት ክፍል የምትሠራ የምግብ ባለሙያ ናት። በክፍሉ ውስጥ ስኳር የተከለከለች አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ብቻ አለች። በሽታዋ ከታወቀ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ምግቧ ተለክቶ ይቀርብላታል፤ ማስመለሷ ግን አልቆመም፣ የዓይኗም ቢጫነት አልለቀቀም። ሐኪሞቹ ምክንያቱ ጠፍቷቸዋል።

«መስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ የተኛችው ናት?»

«እሷው ናት! ታውቂያታለሽ?»

«ምግቧን የማዘው እኔ ነኝ። አባቴ፣ አይቀየሙኝና፣ ማር ይጎዳታል።»

ሽማግሌው ሳቁ። «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ነው የሚባለው፤ አንቺ በማሬ ላይ ክፉ ታወሪያለሽ? ስኳር ሌላ፣ ማር ሌላ።»

«ለእርስዎ ምላስ ሌላ ነው፤ ለእሷ ጉበት ግን ያው ነው። የሚጎዳት ፍሩክቶስ የሚባለው የፍራፍሬ ስኳር ነው። ጉበቷ ከተወለደች ጀምሮ እሱን መፍጨት አይችልም። ማር ውስጥ ሞልቷል። የነጩ ስኳርም ግማሹ እሱ ነው።»

«ነጭ ስኳርን ከፍራፍሬ ጋር ምን አገናኘው? አርባ ዓመት አፍልቼዋለሁ እኮ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እናንተም ከወረቀታችሁ አትላቀቁም።»

ወጣቷ አልተቆጣችም። የተማረ ሰው ሁሉ እንዲህ ቢታገሥ ኖሮ ስንት ክርክር በደህና ባለቀ! «ከረሜላው ተመልሶ አሸዋ አሸዋ እንዳይል ምን ያደርጋሉ?» አለች።

«ሎሚ ጠብ አደርግበታለኋ!»

«ሎሚው ምን ይሠራል?»

አባ ከረሜላ ማማሰላቸውን ገቱ። በአርባ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃቸው ሰው የለም።

«ከስኳሩ ከፊሉን ለሁለት ይሰነጥቀዋል፤ አንዱ ግሉኮስ፣ አንዱ ፍሩክቶስ ይሆናል። እነዚህ ሲገቡበት ስኳሩ ተመልሶ አሸዋ አይሆንም። ሎሚ የጀመረውን ሆድ ይጨርሰዋል። እጅዎ ከእኔ ቀድሞ ያውቀው ነበር፤ እኔ ስሙን ብቻ ነው የነገርኩዎ።»

ሰው የቀለም ትምህርትን ሊክድ ይችላል፤ የገዛ እጁ የሚያውቀውን ግን እንዴት አድርጎ ይክዳል? ሽማግሌው ከመደርደሪያው አንድ ቆርቆሮ አወረዱ።

«እንግዲያው ይሄስ? 'ስኳር የሌለው' ይላል። ከዚህም ሠርቼላታለሁ።»

«ሶርቢቶል ነው። ሰውነት ውስጥ ሲገባ ራሱ ፍሩክቶስ ይሆናል። ማልቲቶል የሚባለውም ለእሷ አይሆንም። ስኳር የሌለው ሁሉ ፍሩክቶስ የሌለው አይደለም።»

«ታዲያ ምን ቀረላት?»

ወጣቷ ጥግ የተቀመጠውን ባልዲ ቀረብ ብላ አነበበች። «ይሄ ቀርቷል። ንጹሕ የግሉኮስ ሽሮፕ ነው። ጉበቷ ሲያገግምና ሐኪሟ ሲፈቅድ ከዚህ ብቻ ቢሠሩላት አይጎዳትም። ባልዲ በለወጡ ቁጥር ግን ጽሑፉን ያንብቡ፤ ፍሩክቶስ የሚቀላቀልበትም አለ።»

«እሱማ ከረሜላ ማለስለሻ ነው፤ ጣዕሙም ደካማ...» አሉና አቋረጡ። በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። «ትናንትም ሰጥቻታለሁ። ትራሷ ሥር ነው የምሸጉጥላት።»

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል። ቀጥለው የተናገሩት በጭንቅ ነው የተሰማው።

«ከእሷ በፊት ወንድም ነበራት። ጡት ብቻ ሲጠባ ደህና ነበር። አምስተኛ ወሩ ላይ፣ ይጠንክር ብዬ፣ በየጠዋቱ ማር በጣቴ አላስኩት። በሦስተኛው ሳምንት ቀበርነው። እሱም... በዚሁ ይሆን?»

ወጣቷ መዋሸት አማራት፤ አልሆነላትም። «እርግጠኛ መሆን አልችልም አባቴ። ሊሆን ግን ይችላል። አላወቁም፤ የእሷንም ሐኪሞቹ ያወቁት ገና አሁን ነው።»

«እናቱ ግን ወተቴ ነው የገደለው እያለች ስምንት ዓመት ኖራለች።»

ድስቱን አወረዱና ማሩን ደፉት። በዝናቡ ውስጥ ተያይዘው ሆስፒታል ሄዱ።

ትራሱ ሥር ሰባት ከረሜላ ተገኘ። ልጅቷ እንደተያዘ ሌባ አቀረቀረች። «አልወደውም፤ ሆዴን ያመኛል» አለች ቀስ ብላ። «ስበላ ግን አባባ ደስ ይለዋል።»

ሽማግሌው ይህን ሰምተው ወጡ። ኮሪደሩ ላይ ልጃቸውን፣ የልጅቷን እናት፣ አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ «ልጄ፣ ምናልባት የእኔ ጣት ነው፤ ወተትሽ ግን አልነበረም» አሏት፤ ሁሉንም ነገሯት። እሷም እጆቿን በደረቷ ላይ አጣምራ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና አንድ ቃል ሳትናገር ተነሥታ ሄደች። ሦስት ቀን አላናገረቻቸውም። በአራተኛው ቀን መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች። «ይቺኛዋን ቶሎ ጡት ያስጣልኳት በዚያ ፍርሃት ነበር፣ አባዬ» ብላ አለቀሰች፤ እሳቸውም አለቀሱ።

የከረሜላው ምንጭ ሲደርቅ ማስመለሱ ቆመ። በሁለት ወር ውስጥ ቢጫው ከዓይኗ ጠፋ፣ ክብደቷ ጨመረ፣ ጉበቷም አገገመ። በከረሜላ ቤቱ ግድግዳ ላይ ዛሬ ትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ እያንዳንዱ ከረሜላ ከምን እንደተሠራ ይናገራል። ወረቀት ይንቁ የነበሩት ሽማግሌ መነጽር ገዝተው የባልዲውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ይለቅማሉ። ከመግዛቱ በፊት ሰሌዳውን የሚያነብ እናትና አባትም እየበዛ ሄዷል። ይህ ሁሉ ጥቅም ነው፤ ለትንሹ መቃብር ግን አንድም የሚያደርገው ነገር የለም።

ሐኪሙ በፈቀደ ማግስት አባ ከረሜላ ከግሉኮስ ብቻ የሠሩትን የመጀመሪያ ከረሜላ ይዘው ወደ ልጅ ልጃቸው ሄዱ።

«ይሄ አያምሽም። ትፈልጊያለሽ?»

ልጅቷ ፊታቸውን አየች፤ ከዚያ ከረሜላውን አየች። «አልፈልግም፣ አባባ።»

«እሺ» አሉና ወደ ኪሳቸው መለሱት። ትፈልጊያለሽ ብለው ሲጠይቋት ይህ የመጀመሪያቸው ነበር።