የቦቴው ክላክስ

ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ ብዙዎቻችሁ «ቦቴው» በሚለው ቅጽል ስማቸው የምታውቋቸው ታላቅ ወንድሜ ከባቡር ጣቢያ ዘበኛ አባታችንና ከልብስ ሰፊ እናታችን በዚህችው በበረሃ ዳር ከተማ ተወልደው፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ትምህርቱ ብዙም ስላልሆነላቸው፣ ከስምንተኛ ክፍል ወጥተው ጋራዥ በመግባት መንጃ ፈቃድ አወጡ።

በበረሃው ፓርክ የውኃ ቦቴ ሾፌር ሆነው ተቀጥረው ለጥበቃ ኬላዎቹ ውኃ ሲያመላልሱ፣ በፓርኩ በር ትኬት ይቆርጡ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። ባለቤታቸው፣ የእኔ ባል ከፓርኩ የዱር እንስሳት የትኛዋ ሳላ ቀንዷ እንደተሰበረ እንጂ የትኛዋ ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰች አያውቅም እያሉ ይቀልዱ ነበር። እርሳቸው ግን በኋላ ዘመናቸው ይህ ቀልድ ሲነሣ አንገታቸውን ይደፉ ነበር።

ዝናብ በጠፋበት በዚያ ክፉ ዓመት ሳላዎቹና የሜዳ ፍየሎቹ በየቁጥቋጦው ሥር መውደቅ ሲጀምሩ፣ አንጀታቸው አልችል ብሎ፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ፣ ለቦቴው እንዲመች ፓርኩን በሚያቋርጠው አስፋልት ዳር የሲሚንቶ ገንዳ ሠርተው ውኃ ይሞሉላቸው ጀመር፤ ክላክስ ባደረጉ ቁጥርም መንጋው ከያለበት እየተንጋጋ ይመጣላቸው ነበር። ዳሩ ግን እንስሳቱ ክላክስ ያደረገ ሁሉ ውኃ ያመጣ እየመሰላቸው፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች ከመንገድ ውጡልን ብለው ክላክስ ሲያደርጉ ጭራሽ ወደ አስፋልቱ ይሮጡ ጀመር። አንድ ማለዳም ቀንደ ሰባራዋ ሳላ ከነግልገሏ ተገጭታ ተገኘች።

ወንድሜ ያን ዕለት ገንዳውን በዲጂኖ አፍርሰው፣ ከመንገድ ርቆ በፓርኩ እምብርት ሌላ ሠሩ። ክፉ ልማድ ቶሎ አይለቅምና፣ መንጋው አስፋልት ዳር በታየ ቁጥር ክላክስ እያደረጉና ድንጋይ እየወረወሩ፣ የሚወዷቸውን እንስሳት ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሲያባርሩ ኖሩ። እንዲህ ባደረጉበት ቀን ምግብ እንደማይበላላቸው ባለቤታቸው ያውቃሉ።

የኩላሊት ሕመም አልጋ ላይ ባዋላቸው ጊዜ፣ ሳላዎቹን አንዴ አሳዩኝ ብለው ስለለመኑን በመኪና ወሰድናቸው። መንጋው ከሩቅ ሲታይ ታላቋ ልጃቸው እንደ ድሮው የሚመጡ መስሏት፣ አባቷን ደስ ይበላቸው ብላ ክላክስ አደረገች፤ መንጋውም አቧራውን አስነሥቶ ከዓይን ተሰወረ። እርሳቸውም፣ ጎበዞች፣ እንዲህ ነው፣ አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው አለቀሱ። 

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩ፤ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና እኔን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው ትናንት ዐረፉ። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ውኃ በማይነጥፍበት፣ ማንም በማይባረርበት ስፍራ ያሳርፍልን።

ወደ መካነ መቃብሩ የምንሄደው በፓርኩ መንገድ ነው። አስከሬናቸውን የምታጅቡ ሾፌሮች፣ የእርሳቸው አደራ ስለሆነ፣ እባካችሁ ዛሬ ማንም ክላክስ እንዳያደርግ፤ ወንድሜ አንድ ቀን እንኳ እንስሳቱን ሳያስደነግጡ ይለፉ።