አሥራ ሁለት ነጥብ ይዞ

ነይ እስቲ ዘቢደርዬ፣ ወደ ፀሐዩ ጠጋ በይ። ዳባት ገብሱ እንዴት ነው፣ አሸተ? እሰይ! ሚኒባሱስ አላንገላታሽም? በይ ጎመኑን እየቀነጠስን እናውጋ። እዚያ ግንቡ ጥግ ካርታ የሚጫወቱትን እንዳላየሽ ሆነሽ እለፊያቸው... እነሱም ጨዋታ ይዘዋል፣ እኛም ይዘናል።

ብሪጅ ነው። ሟቹ ባሌ ሳንቃ በር የፓርኩ ጠባቂ፣ ስካውት ሳለ ከፈረንጆች ለምዶ ያመጣብን። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ነጥብ ግን እቆጥራለሁ። አስ አራት፣ ንጉሥ ሦስት፣ ንግሥት ሁለት፣ ጃክ አንድ። አሥራ ሦስት ካርታ ይደርስሻል። ከአራቱም ምልክት ተመጣጥኖ ከመጣልሽና ነጥቡ ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ሰባት ከሆነ «አንድ፣ ያለ አለቃ» ብለሽ ትከፍቻለሽ፤ አንዱ ምልክት በሌላው አይሠለጥንም ማለት ነው። ካነሰ ግን? አንዱን ምልክት ጠርተሽ ዝቅ ብለሽ ትጀምሪያለሽ። ፊት ለፊትሽ የተቀመጠው ጓደኛሽ ካርታሽን አያይማ! አፍሽን ነው የሚያምን።

ትናንት ታዲያ የኔ ጓደኛ ሆኖ የተቀመጠው... ስሙን ምን ያደርግልሻል? መልከ መልካም ነው። ጫማውን የደባርቅ ጭቃ እንኳ አይደፍረውም። ካርታውን አንዴ ገለጥ አደረገና «አንድ፣ ያለ አለቃ!» አቤት ድምፅ! ቅዳሴ የሚመራ ነበር የሚመስል። እኔ አሥር ነጥብ ይዣለሁ፤ አሥር ባሥራ አምስት ላይ... እንዴት አላምን? «ሦስት፣ ያለ አለቃ» ብዬ ከፍ አደረግሁት። በስድስት ላይ ሦስት፣ ዘጠኝ ዙር እንበላለን ማለት ነው። ስንት በላን? ሰባት! ካርታው አንድ ባንድ ሲወርድ ቆጠርሁለት፦ አሥራ ሁለት ነጥብ።

የተቆጣሁ መሰለሽ? ኧረ እኔ! አሥራ ሁለትን አሥራ አምስት ብሎ ለመጥራት ስንት ልብ ይጠይቃል? ድምፄን ለምን ዝቅ ላድርግ... ያው ግንቡ ጥግ ካርታውን ይዞ ተቀምጧል፣ ይስማ፤ ምስጋና እኮ ነው።

ለካ ሽማግሌ የላከብን ለት አፉን ሲያሟሽ ኖሯል! ለልጅ ልጄ ለየትናየት መጥተው፣ ቁጭ በሉ ቢባሉ እምቢ ብለው ቆሙ። «ጃናሞራ ለቱሪስት የሚያከራየው ሃያ በቅሎ አለው፤ እዚህም ሎጅ እያሠራ ነው» አሉ። ልጄ ገዱ፣ አባቷ፣ የዋህ አይደል፣ ፊቱ በራ። እሁድ መልስ ሊሰጥ ነው። እኔ ደግሞ ጃናሞራ ላለችው ለአክስቴ ልጅ ለጤናዬ «በቅሎዎቹን ሰላም በይልኝ» ብዬ ላክሁባት። ሰላም አለችልኝ... ሁለቱንም። ሎጁንም ራሴ ሄጄ አየሁት፤ ሐሰት አይደለም፣ በር ተገጥሞለታል። ግድግዳው እስኪመጣ።

ሁለት በቅሎ ነውር ነው እንዴ? ሟቹ ባሌ አባቴ ፊት ቆሞ «አንድ አህያ አለኝ፤ እሱም ያነክሳል» ነበር ያለው። ሰጡኝ። አርባ ዓመት ኖርሁ፤ አንድ ቀን አልጎደለብኝም... አህያውም ዳነ።

እሁድ ገዱ ምን ይመልስ ይሆን? እኔ ምን አውቄ። ትናንት ማታ ግን ነጥብ አቆጣጠር ሳስተምረው አመሸሁ፤ ቶሎ ገባው።

ውይ፣ ተነሣ እንዴ? ካርታውን ሳይጨርስ? ሳይመረቅማ አይሄድም! አሜን በይልኝ ዘቢደርዬ፦ እግዜር እጁን ያፉን ያህል ይሙላለት። ሃያው በቅሎ ይሙላለት፣ ለበሩም ግድግዳ ይስጠው። በሞላለት ማግሥት ሽማግሌዎቹን መልሶ ይላክ፤ ያኔ እኔ በሕይወት ባልኖር እንኳ፣ የየትናየት ልጆች በር ይከፍቱላቸዋል።