በላጲስ የነቃው ጌም

ያኔ ናዝሬት፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሬዲዮ እጠግን ነበር። አሰብ የሚመላለስ ሾፌር ደንበኛዬ በእጅ የሚያዝ የባትሪ ጌም አመጣልኝ፤ ቁልፉን ቢጫኑት አይሠራም። ባትሪ ቀየርኩ፣ ሽቦ በየድኩ፣ ሁለት ቀን ለፋሁ። ወይ ፍንክች። ሰውየው ሰልችቶት ፊት ለፊቴ ላለው ሰዓት ሠሪ ለግርማ ሰጠው። ግርማ ክዳኑን ከፍቶ የሆነ ነገር ፈገፈገና ጌሙ ጮኸ። ወደ ቀበሌ ስብሰባ የሚጣደፈው ሁሉ ቆሞ ከበበው። እኔ ሱቄ በር ላይ ቆሜ በቅናት አረርኩ።

አላስቻለኝም፤ ሄድኩ። «ምን አድርገህ ነው?»

«ባትሪው የሚነካው ብረት ዝጎ ነበር፤ በላጲስ ጠረግኩት።»

«ማን አሳየህ?»

«አንተው ነሃ። አምና የኔን ሬዲዮ ስትሠራ አይቼ።»

ሊያመሰግነኝ እንደሆነ ገብቶኛል። ቅናቴ ግን ጭራሽ ባሰበት።