አባቴ ከጥርስ ክሊኒኩ ስለወጡበት ሁኔታ የሰጠሁት ቃል

የምስክሩ ማንነት፦ የተጎጂው ሁለተኛ ልጅ
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ከተጎጂው ጋር በአንድ ቤት የሚኖር
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ ጠዋት፣ አደጋው በደረሰ ማግስት
ጉዳዩ፦ ከጥርስ ክሊኒክ ፊት ለፊት በእግረኛ ላይ የደረሰ የመኪና አደጋ

ተጎጂው ወላጅ አባቴ ናቸው። የልብስ ስፌት ሥራ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ የመርሳት ሕመም ስላለባቸው ብቻቸውን ከቤት አይወጡም። ቀን ቀን የምትጠብቃቸው ታላቅ እህቴ ስትሆን፣ ትናንት ረቡዕ ጠዋት ግን የራሷ ጉዳይ ስለነበራት "ዛሬ እንኳን አንተ ያዛቸው፤ እኔም ሰው ነኝ" አለችኝ። በጥርስ ሕመም ምክንያት ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ ስላልዞረ ነገር ነገር ይለኝ ነበርና ደግ መልስ አልመለስኩላትም። አባቴን ኮት አልብሼ ወደ ክሊኒኩ ይዣቸው ሄድኩ።

የፊት ጥርሴ የተሰነጠቀው፣ መቀስ አጠገቤ እያለ ክር በጥርሴ ስበጥስ በመኖሬ ነው። ዶክተሯ ከመንቀል ይልቅ ሰው ሩት ካናል የሚለውን የጥርስ ሥር ሕክምና እንዳደርግ መክራኝ ነበር። ይህም ጥርሱን ሰርስሮ የታመመውን ነርቭ ማውጣትና ሥሩን አጽድቶ መድፈን ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ስንደርስ፣ አባቴን ከሕክምናው ክፍል በር ትይዩ ባለው አግዳሚ ላይ አስቀምጬ፣ እንዳያቸው በሩ ክፍት እንዲሆን ጠየቅሁ። እንግዳ ተቀባይዋን ግን "ዓይንሽን ከእሳቸው ላይ አታንሺ" አላልኳትም። ስለ አባቴ ሕመም ለሰው መናገር ያሳፍረኝ ነበር።

ዶክተሯ ድዴን በመርፌ ካደነዘዘች በኋላ የሚታከመው ጥርስ ብቻ እንዲታይ አድርጋ አፌን በስስ ላስቲክ ሸፈነችው። "አሁን ማውራት አይችሉም። ካመመዎት ግራ እጅዎን ያንሱ፤ ቀጭን መሣሪያ ውስጥ ስላለ እንዳይነቃነቁ" አለችኝ። መሰርሰሪያው በጮኸ ቁጥር አባቴ አንገታቸውን እያሰገጉ ወደ እኔ ያዩ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከአግዳሚው ተነሱና ወደ መውጫው አመሩ። ወዲያው ግራ እጄን አነሳሁ። ዶክተሯ ያመመኝ መስሏት "አይዞዎት፣ ትንሽ ልጨምርልዎት" ብላ ሁለተኛ መርፌ ወጋችኝ። በጣቴ ወደ በሩ ሳመለክት ረዳቷ "ይረጋጉ ጋሼ፣ አለቀ እኮ" እያለች እጄን ወደ ቦታው መለሰችው። ባለ በሌለ ኃይሌ በጉሮሮዬ ጮህኩ። አባቴ ዞረው አዩኝ፤ ይመለሳሉ ስል እርምጃቸውን አፍጥነው ወጡ።

በዚህ ጊዜ የዶክተሯን እጅ ገፍቼ መነሳት እችል ነበር። የያዘኝ ገመድ አልነበረም። ነገር ግን ያ ሁሉ መርፌና መሰርሰር እንደገና ከመጀመሪያው እንዳይጀመርብኝ ፈራሁ። እንግዳ ተቀባይዋ ታያቸዋለች፣ በረንዳው ላይ ይቆማሉ ብዬ ራሴን ደልዬ ተመልሼ ተጋደምኩ። ዶክተሯም ረዳቷም የሚያውቁት ነገር አልነበረም፤ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ነርቩ ስለወጣ ጥርሴ አሁን አያመኝም፤ ይህን ስናገር አፍራለሁ።

ውጭ የሆነውን በዓይኔ አላየሁም። የነገረችኝ በክሊኒኩ ደጃፍ ጫማ የምትሸጠው ሴት ናት። አባቴ የመንገደኛውን እጅጌ እየጎተቱ "ኧረ የሰው ያለህ! ልጄን አስተኝተው አፉን እየሰረሰሩት ነው!" ይሉ ነበር አለች። ሰዉም ቀና ብሎ የክሊኒኩ ማስታወቂያ ላይ የተሳለውን ጥርስ እያየ ይስቅ ነበር። እሷም አብራ መሳቋን ስትነግረኝ አልቅሳለች። አባቴ የሚሰማቸው ሲያጡ ከመንገዱ ማዶ የቆመውን ትራፊክ ፖሊስ አይተው፣ "ጌታዬ! ጌታዬ!" እያሉ ግራ ቀኝ ሳያዩ ሲሻገሩ ዕቃ የጫነ ፒክአፕ ገጫቸው። እኔ የፍሬኑን ድምፅ ሰምቼ ላስቲኩን በገዛ እጄ ከአፌ ነቅዬ ወጣሁ። ያን ጊዜ መነሳት አላቃተኝም።

ሴትዮዋ ይህን እስክትነግረኝ ድረስ ረስተውኝ የሄዱ መስሎኝ ነበር። የጮህኩት እንዲመለሱልኝ ነው፤ እሳቸው ግን ጩኸቴን ሰምተው ነው ለእርዳታ የሮጡት።

ሹፌሩ በቁጥጥር ሥር መሆኑ ተነግሮኛል። ሲገጫቸው ስላላየሁ ስለ ፍጥነቱ የምለው የለኝም። ሆኖም አባቴን አንስቶ ሆስፒታል ያደረሰው እሱ ነው። መንገዱን ሙሉም ይቅርታ ይለምነኝ ነበር። በበኩሌ በእሱ ላይ አቤቱታ የለኝም።

አባቴ የቀኝ ጭናቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተዋል። ትናንት አመሻሹ ላይ አጠገባቸው ስቀመጥ ማን እንደሆንኩ አላወቁም። እጄን ጨብጠው "ወንድሜ፣ ልጄን እዚያ ቤት ይዘውታል። እኔን እግሬ እምቢ አለኝ፤ እባክህ አንተ ድረስለት" አሉኝ። "እሺ" ብዬ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ ጥቂት ቆሜ ተመልሼ ገባሁ። "ደርሼለታለሁ፤ ድኗል" አልኳቸው። ከኋላዬ በሩን አየት አድርገው "ታዲያ ለምን ይዘኸው አልመጣህም?" አሉኝ።

ይህ የመጨረሻው ክፍል ከአደጋው ጋር እንደማይያያዝ መርማሪው ቢያስረዳኝም፣ እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፏል። ያየሁትን እንዳየሁት፣ የሰማሁትንም ከማን እንደሰማሁት ለይቼ የሰጠሁት ይህ ቃል እውነት ነው። ተነቦልኝ የማወጣውም የምጨምረውም ስላላገኘሁ ፈርሜበታለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________