የ"ምረጡኝ" ፎቶ

ከሳሃፋ ወደ ባሕሪ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ ያለችው የሱዳን ሴቶችን ቶብ የለበሰች አበሻ አጠገቧ ለተቀመጡት የአገሯ ሰው ፎቶ ያለበት ቁራጭ ጋዜጣ አሳየቻቸው።

"ጋሼ፣ ይቺ እኔ ነኝ።"

"'የሱዳን እናቶች እኛን ይመርጣሉ' ይላል እኮ!"

"ዳቦ ስገዛ ነው ያነሱኝ።"

"አንቺ ትመርጫለሽ እንዴ?"

"ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ እንኳ የሌለኝ ሰው ምን ልመርጥ?"

"አገር ቤት ጋዜጣ ላይ ሠርቻለሁ። የፓርቲ ማስታወቂያ ከሆነ 'ተከፍሎበታል' ተብሎ መጻፍ አለበት፤ ያለዚያ ሰው ዜና ይመስለዋል።"

"ተጽፎ ነበር።"

"ታዲያ የታለ?"

"በመቀስ ቆረጥኩት። ፖሊስ ኢቃማ ሲለኝ ይቺን ነው የማሳየው።"

"ያምኑሻል?"

"እስካሁን 'ያላ፣ እለፊ' ነው የሚሉኝ።"

"ምርጫው ሲያልፍስ?"

"ያኔ አላህ ከሪም።"

ድልድዩ ጋ ፖሊስ እጁን ሲያነሳ፣ ዓይኔ ከራሴ ኢቃማ በፊት የእሷን ቁራጭ ጋዜጣ ፈለገ።