ቅጠሉ ሁለት ጊዜ የወጣበት በልግ

በእኛ ዘመን በልግ እንደ ደህና እንግዳ ነበር፣ ከሩቅ እያሳለ ነው የሚመጣ። መጀመሪያ ታች ከወንዙ ዳር ዋንዛው ያቆጠቁጣል፣ ቀጥሎ ከጋራው ወገብ ላይ ብሳናው፣ ከዚያ ቅጠሉ ዳገቱን እየወጣ እየወጣ ከእኛ ደጅ ቀጋው ላይ ሲደርስ አባታችን «በሉ ተነሱ፣ ደረሰ» ይለናል። ታዲያ ያን ጊዜ በሬ እንጠምዳለን። ቅጠሉ ሳይደርስ ቢዘንብም አይዘራም ነበር። ዝናብ ይዋሻል፣ እንጨት ግን አይዋሽም ይል ነበር አባታችን፣ ነፍሱን ይማርና። አሁን እንጨቱም መዋሸት ለመደ። ይኸን ነው የማጫውታችሁ፣ ስሙኝ።

ታናሽ ወንድሜን ምስጋናውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ የማታውቁትም አላችሁ፣ ከሄደ ቆይቷል። ከኩልመስክ በላይ ከዚችው ጋራ ላይ ጎን ለጎን ነበር ቤታችን። አባታችን ሲሞት መሬቱን ተካፈልን፣ ድንበራችን አንዲት የድንጋይ ካብ ናት፣ በሬም ለእኔ አንድ ለእሱ አንድ ደረሰን። የእኔ ቦራ ይባላል፣ የእሱ ዳማ። እና ሁለቱን አቀናጅተን ነበር የምናርስ፣ አንድ ቀን የእኔን፣ አንድ ቀን የእሱን። እንዲያ እያረስን ሚስት አገባን፣ ልጅ ወለድን፣ በተራ እንኳ ተጣልተን አናውቅም። በሬዎቹም እንደ እኛው ነበሩ፣ አንዱ ከሌለ ሌላው ሣር አይቀምስም።

ታዲያ ያን ዓመት ጥምቀት አለፈና ጥር ገና ሳይወጣ ዝናብ መጣ። ቅጠሉ ተራ የለው፣ ዳገት የለው፣ ከወንዙ እስከ ጋራው አናት ባንድ ላይ ፈነዳላችሁ! አገሩ ሁሉ ለጋ ቅጠል ሆነ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። ምስጋናው ካቡን ተሻግሮ መጣና «አያ፣ ቀጋው አቆጥቁጧል፣ ምን እንጠብቃለን?» አለኝ። እኔም ቀጋውን በዓይኔ አይቸዋለሁ። እና ዘራን። እሱ ያለውን ገብስ ጠርጎ ዘራ። እኔም ጠርጌ የዘራሁ መስሎኝ ነበር፣ ባለቤቴ፣ ጥሩ ነው ስሟ፣ ግን ጥቂቱን ከጎተራው ሥር ደብቃ አስቀርታ ኖሯል፣ ኋላ ነው ያወቅሁ።

ገብሱ በቀለ፣ ደስ አለን። ከዚያ ሰማዩ ተዘጋ። ጠዋት ውርጭ ነው፣ ቀን ፀሐይ ነው፣ ከሰዓት ደመናው ይሰበሰብና አሁን ጣለ ስንል ነፋስ ይመጣና ጠራርጎ ወደ ሙጃ ይዞት ይሄዳል። ማዶ ሲዘንብ ቁጭ ብለን እናያለን፣ እኛ ዘንድ ጠብ አይልም። በነጋታው ደግሞ በረዶ ያወርድና ወዲያው ያበራል። ጾሙ ገብቶ ነበር፣ ቄሶቹ ምሕላ ያዙ፣ እኛም እግዚኦ አልን። ያ ለጋ ቅጠል በውርጭ ተለብልቦ እሳት የነካው መስሎ ጠቆረ፣ ገብሱም ቢጫ ሆኖ መሬት ላይ ተኛ።

ምስጋናው ተጫዋች ሰው ነበር፣ ታዲያ ጨዋታውን ተወ። ጠዋት ጠዋት ከካቡ ላይ ቁሞ ማሳውን ያያል፣ ሰላምታ ብሰጠው እንኳ ዘግይቶ ነው የሚመልስ። ሚስቱ እናኑ ለጥሩ «እንቅልፍ ካየ ቆየ፣ ልጅቱን ሲያይ ዓይኑ እንባ ይሞላል» ብላ ነገረቻት። የእናኑ ወንድም ታች ቆላው ቆቦ ነው፣ እዚያ ውሃ በሞተር ከመሬት እያወጡ ሽንኩርት ያለማሉ፣ ሥራ አለ፣ ኑ ብሎ ልኮባቸው ኖሯል።

አንድ ጠዋት ዳማን በገመድ እየሳበ በደጄ አለፈ።

«ወዴት ነው?» አልሁት።

«ገበያ።»

«ዳማን?»

«አያ፣ አትቆጣኝ። ሰማይ ሰማይ እያየሁ ልጅ ማሳደግ አቃተኝ። እዚያ ውሃው ከመሬት ነው አሉ የሚወጣ፣ ማንንም አይለምኑበት።»

«ትንሽ ብትታገስ ምናለ።»

«አባታችንም ሲታገስ ነው የሞተ» አለኝ።

እውነቱን ነው። ዳማን አንገቱን አሻሸሁትና ለቀቅሁት፣ ቦራ ከበረቱ ሆኖ ሲያገሳ እስከ ማታ ዋለ። ከዚያ እናኑ ልጅቱን አዝላ፣ እሱ ዕቃውን ተሸክሞ፣ እስከ መኪናው መንገድ ሸኘኋቸው። ቤቱን አደራ አለኝ፣ መኪናው ሄደ።

እና አሁን ስሙኝ፣ ሳምንት እንኳ አልሞላም። ከምሥራቅ እርጥብ ነፋስ ተነሣ፣ ነጎድጓድ የለው፣ በረዶ የለው፣ ዝም ብሎ ቀስ ብሎ ጣለ። መሬቱ እየጠጣ፣ እየጠጣ፣ ዋለ፣ አደረ። ያ የጠቆረ ቀጋ ከዚያው ከደረቀው ጭራሮ ላይ እንደገና አቆጠቆጠ! ሳየው ደስታ ይሁን ሐዘን አላወቅሁም። ስልክ የሚሠራ ከጋራው አናት ነው፣ ጆንያ ተከናንቤ ወጣሁ።

«ምስጋናው፣ ዘነበ» አልሁት።

«ብዙ ነው?» አለኝ።

ስልኩን ከጆሮየ አነሣሁና ወደ ዝናቡ ዘረጋሁለት። መልሸ ከጆሮየ አደረግሁት።

«ና ወንድሜ» አልሁት።

«በምን ልረስ አያ? ዳማን የገዛው ነጋዴ ነው፣ ለፋሲካ እርድ።»

እዚያ ላይ ስልኩ ራሱ ተቋረጠ።

ታዲያ እኔም እኮ አንድ በሬ ይዤ ቀረሁ፣ አንድ በሬ ምን ያርሳል? ጎረቤታችን አያ ደባሽ ደግ ሰው ነው፣ ሥራ ላግዘውና በሬውን ሊያውሰኝ ተስማማን። ቦራ ከባዳ በሬ ጋር መጠመድ እንቢ አለ፣ እየጎተተ፣ እየቆመ፣ ፈሬ ሁሉ ጠማማ ነበር። ያን ጊዜ ነው ጥሩ የደበቀችውን ገብስ በቁና ይዛ ብቅ ያለች። እኔ ከራሴ ማሳ ልጀምር ስል «ከካቡ ወዲያስ?» አለችኝ። ዘሩን እኩል ከፈልነውና የእሱንም ዘራሁለት። ሲያምር ብታዩት! እንዲያ ያለ ገብስ ከልጅነቴ ወዲህ አላየሁም።

ክረምቱ ሳይገባ ለአጨዳ ላክሁበት፣ ብቻውን መጣ፣ ከስቶ፣ ፊቱ በቆላው ፀሐይ ጠቁሮ። ካቡ ላይ ቁሞ «ይኸ የማን ነው?» አለ። «ያንተ ነው» አልሁት። ማጭዱን አነሣና ካቡን ወደ እኔ ተሻግሮ የእኔን ሲያጭድ ዋለ። «የራስህን እጨድ» ብለው «ጥየው የሄድሁትን በየትኛው እጄ ልጨደው» አለኝ። እኔና ጥሩ አጨድንለት፣ አንዱን ጆንያ ለልጅቱ ገንፎ ብለን በግድ አሸከምነው። «እዚሁ ቅር፣ በሬ ቀስ ብለን እንገዛለን» ብለው ራሱን ነቀነቀ። «አያ፣ ያ ቅጠል በጥር ባይወጣ ዘሬ እጄ ላይ ይቀር ነበር፣ ዘር ቢኖረኝ አልሄድም ነበር» አለኝ። ሄደ። እስከ ዛሬ ለእርቦ አርስለታለሁ፣ ከምርቱ ሩቡን ድርሻውን እልክለታለሁ።

አምና ለጥምቀት ምስጋናው ከነቤተሰቡ መጣ። ያች በእናቷ ጀርባ የሄደች ልጅ አድጋ ትምህርት ገብታለች፣ ከእሳቱ ዳር ጋቢ ደራርባ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። ደጁን ወጥታ ገደሉን አየች፣ ደመናውን አየች፣ ተመልሳ «አባባ ትልቁ፣ እዚህ እኮ ሰው አይኖርም፣ እናንተ ለምን ትኖራላችሁ?» አለችኝ። ሳቅሁ፣ አባቷም ሳቀ፣ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀበት።

እህ፣ ምን ብየ ልመልስላት? እናንተ የተማራችሁ ብትሆኑ ምን ትመልሱላት ነበር?

«እርስዎስ ምን አደረጉ አባባ?» አልኋቸው፣ ከአድማጮቹ መካከል ተቀምጬ ጨዋታቸውን የምጽፈው እኔ።

«አየሽ» አሉኝ፣ «ጋቢየን ጨመርሁላት።»